ባዶ የመለሰ ሙሉ ይወስዳል

ሱቫ፣ ኦገስት 9

ለተከበርሽው አክስቴ ለኔይ ሮይቲ፣ ታማና ደሴት፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ማዕበሉ ከደጅሽ ይራቅ፣ ጣራሽ አይንጠብጥ፣ ጉልበትሽን አይመምሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ወፍሬያለሁ። ብታይኝ አታውቂኝም።

እዚህ ሰው ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ የአባቴ የአጎት ልጅ አለች አልልም፣ አክስቴ አለች ነው የምለው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያበላሽኝ አንቺ ነሻ። ስለዚህ ደስ ይበልሽ፣ ያበላሽው እህል ሜዳ አልቀረም።

አሁን የምሠራው ወደቡ ዳር ባለው የነዳጅ ግቢ ነው። የአገራችን የኪሪባቲ በይው፣ የጎረቤታችን የቱቫሉ በይው፣ የዚህ ባሕር ሁሉ ናፍጣ ከዚህ ነው በበርሜል ተሞልቶ መርከብ ላይ የሚወጣው። እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ሳልነካው አንድ በርሜል ከዚህ ግቢ አይወጣም። አንድም። አለቃችን ሱክላል ይባላል፣ ሕንድ ነው፣ የፊጂ ሕንድ። ጠዋት በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠራው የኔን ስም ነው። «ኮራቢ» ሲል ግቢው በሙሉ ዞር ይላል።

ሽማግሌው ቴን ኡሪያም ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፊት «የዚህ ልጅ አፉ ይሠራል፣ እጁ ግን ገና አልተወለደም» ያለኝን አልረሳሁም። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የት ይደርሳል ብሎ ስቆብኛል። በይ እንግዲህ ይህን ደብዳቤ መሰብሰቢያችን ማኔባው ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ በየመቀመጫቸው እንዳሉ አንብቢልኝ። እሱ የተቀመጠበት ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ፣ ጆሮው ደከም ብሏል።

የጎደላችሁ ነገር ካለ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ኮራቢ እያለ ታማና አይቸገርም። አንቺ ደግሞ ደረቅ ዓሣ ላኪልኝ፣ የዚህ አገር ዓሣ ሳሙና ሳሙና ይለኛል።

ጤና፣ ሰላምና በረከት ቤትሽ ይግቡ።
ልጅሽ ኮራቢ


ታማና፣ ኦገስት 30

ለልጄ ለኮራቢ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያስወፈረህ አምላክ ያክርምህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ባልንጀራ ይጠብቅህ።

ደብዳቤህን እንዳልከው ማኔባው ውስጥ አነበብኩት። ሽማግሌዎቹ በየመቀመጫቸው ሆነው ሰሙ። ቴን ኡሪያም ሁለተኛ እንዳነብለት ጠየቀኝ፣ አነበብኩለት። «እኔ ሳልነካው አንድ በርሜል አይወጣም» የሚለው ጋ ስደርስ አገጩን ይዞ ቀረ።

ጣራሽ አይንጠብጥ ብለህ መርቀኸኝ ነበር። ምርቃትህ ደርሷል። ከሜይ ወዲህ ጠብ አላለም። ጉድጓዱ ጨው ጨው ብሏል፣ ሻይ ብታፈላበት ሾርባ ሆኖ ይወጣል። የምንጠጣው ከባሕሩ ጨው የሚለየው ማሽን የሚያወጣውን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የሚጠጣው ናፍጣ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ በርሜል ይጨርሳል። አምስት ቀርቶናል። ስልክ ብደውልልህ ይቀል ነበር፣ ግን የስልኩ ምሰሶም ናፍጣ ስለሚፈልግ አጥፍተነዋል። ቆሟል፣ ዲዳ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲመጣ በደብዳቤ እንነጋገራለን።

ከዋና ከተማችን ከታራዋ እንደነገሩን የኛ ነዳጅ ከተገዛ ቆይቷል፣ እናንተ ጋ ታንክ ውስጥ ነው ያለው አሉን። ለምን እንደማይመጣ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። አንተ ታውቅ እንደሆነ።

ደረቅ ዓሣው ይኸው። ከተቻለ ሳሙናና የመንጠቆ ክር ላክ።

ሰላም በላይህ ይደር።
ሮይቲ


ሱቫ፣ ሴፕቴምበር 14

ለአክስቴ ለኔይ ሮይቲ፣

እንዴት ከረምሽ። ደመናው ወደናንተ ያዘንብል፣ ጉድጓዱም ልቡ ይመለስ። ሳሙናውንና ክሩን ልኬያለሁ። ሳሙናው ባለ ሽታ ነው፣ ሽማግሌ እንዳይበላው ጠብቂ።

ያልነገርኩሽን ነገር ላውራሽ። ጉባኤ ላይ ነበርኩ። አዎ፣ እኔ። ከአሥር አገር የመጡ ባለሥልጣኖች ባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ሆቴል ተሰብስበው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ አገር ለብቻው ትንሽ ትንሽ ናፍጣ ከሚገዛ ተባብረን እንግዛ፣ ተባብረን እናስቀምጥ፣ አንዱ ሲያልቅበት ጎረቤቱ ያበድረው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም በልቤ ደግፌዋለሁ። አንዱ ባለ ክራባት ቆሞ «የኃይል ዋስትና ማለት» እንዳለ መብራቱ እልም። ማለት ምን እንደሆነ ሳይነግረን ቀረ። ማን አበራላቸው ትዪኛለሽ፣ እኔ። ጄኔሬተሩ ናፍጣውን ከኔ እጅ ጠጥቶ ነው የተነሣው። አጨበጨቡ እኮ። ለንግግሩ ያላጨበጨቡትን ለመብራቱ አጨበጨቡ። መጨረሻ ላይ በዲሴምበር እንደገና እንገናኝ ብለው ተስማሙ። ምሳም ነበረ።

ናፍጣውን በሚመለከት አታስቢ፣ እኔ አለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ባዶ በርሜሎቹ የት ናቸው? ሱክላል አንድ ሕግ አለው፣ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ ባዶ የመለሰ ሙሉ ይወስዳል። የየአገሩ በርሜል ቀለም አለው፤ የኛ የኪሪባቲ ቀይ፣ የቱቫሉ ሰማያዊ፣ እያንዳንዱም ላይ የደሴቱ ስም አለበት። ታማና የሚል ቀይ በርሜል ከወሰዳችሁት ከሃምሳው አንድም አልተመለሰም አለኝ። እኔማ በርሜል የሚበሉ ሰዎች አይደሉም ብዬ ተከራከርኩላችሁ። እስቲ ፈልጓቸው።

ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ።
ኮራቢ


ታማና፣ ሴፕቴምበር 29

ለኮራቢ የቴን ባውሮ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ስትከፍት ቁጭ በል።

የምጽፍልህ በራሴ ስም አይደለም። ትናንት ሽማግሌዎቹ ማኔባው ውስጥ ተሰብስበው፣ ያቺ ያንተ ደብዳቤ ሦስተኛ ጊዜ ከተነበበች በኋላ፣ ቴን ኡሪያም ከመቀመጫው ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ልጁ የጎደላችሁን ጠይቁ ብሏል። እንግዲህ እንጠይቀው። ከታማና ለኮራቢ ቡቡቲ ይሁን። ሃያ በርሜል ናፍጣ።» የተቃወመ የለም።

ቡቡቲ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ዘመድ በቡቡቲ ጠይቆህ ያለህን እምቢ ብትል ከዚያ በኋላ ስምህን የሚጠራልህ አይኖርም፣ የአባትህንም ስም። አባትህ ታንኳውን ቡቡቲ ተጠይቆ፣ አዲስ ታንኳውን፣ ሸራውን እንኳ ሳይፈታ እንደሰጠ ታስታውሳለህ። እኔ ባልጽፈው ደስ ባለኝ፣ ግን ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ።

በርሜሎቹ የት ናቸው ላልከኝ፣ አሉ። ዘጠኙ በየጣራው ሥር ናቸው፣ የመጨረሻውን ዝናብ ይዘዋል፤ ክዳናቸውን ቆልፈን ቁልፉን እኔ ይዣለሁ። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው፣ ግማሹ ተቆርጦ ተሰቅሏል። ሁለቱ የፓስተሩ ምድጃ ናቸው። አሳማዎቹ የሚገቡበትን አልቆጠርኩም። አራቱን ግማሽ ግማሽ ቆርጠን በአባትህ መቃብር ዙሪያ አበባ ተክለንባቸው ነበር፣ አበባው በጥሙ ደርቋል። የትኛውን ደፍተን እንላክልህ? ውሃውን ደፍተን ባዶ ብንልክ ነዳጁ እስኪመጣ ምን እንጠጣለን? ባንልክ ደግሞ ነዳጁ አይመጣም ትላለህ።

ናፍጣው ሦስት በርሜል ቀርቷል። ለአንድ ቤት በቀን አራት ቅል ውሃ እየሰጠሁ ነው። ትናንት የጎረቤቴ ምራት አንድ ቅል ጨምሪልኝ ብላኝ ተጣላን።

መልስህን እንጠብቃለን።
ሮይቲ


ሱቫ፣ ኦክቶበር 17

ለአክስቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው። አምላክ ከናንተ ጋር ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ነገር ሁሉ በወረቀት ነው የሚሄደው፣ አንቺ አይገባሽም። ለቴን ኡሪያም ቲሸርት ልኬለታለሁ፣ የራግቢ ቡድናችን ነው፣ ኦሪጅናል። ፎቶዬም አለ። የተደገፍኩት መኪና አዲስ ነው።

ሰሞኑን ሙቀቱ ከብዷል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሌላ ሁሉ ሰላም ነው።

ኮራቢ


ታማና፣ ኦክቶበር 30

ለኮራቢ፣

ሰላም ላንተ።

ቲሸርቱ ደርሷል። ቲሸርት አይጠጣም።

አንድ በርሜል ናፍጣ ቀርቶናል። ቅሉን ወደ ሦስት አውርጄዋለሁ። እምቢ የምትል ከሆነ እምቢ በል፣ እንወቀው። ዝምታ ግን መልስ አይደለም።

ሮይቲ


ሱቫ፣ ኖቬምበር 10

አክስቴ፣ ይህን ደብዳቤ ማኔባው ውስጥ አታንብቢው። በአባቴ አጥንት ይዤሻለሁ። ብቻሽን አንብቢና አቃጥይው።

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፣ ዛሬ ምርቃት አፌ ላይ አልመጣልኝም።

እኔ ሳልነካው አንድ በርሜል አይወጣም ያልኩት ውሸት አይደለም። አጣቢው እኔ ነኝ። ቀቢውም እኔ ነኝ። ባዶው ሲመጣ ውስጡን በቱቦ ውሃ አጥባለሁ፣ ዝገቱን እፍቃለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ የደሴቱን ስም እጽፋለሁ። በቃ። ሱክላል ጠዋት መጀመሪያ የኔን ስም የሚጠራው ሁልጊዜ ዘግይቼ ስለምገባ ነው። ጉባኤው ላይ የነበርኩት በርሜል ስገፋ ነው፣ ምሳውንም የበላሁት ከማብሰያው ቤት ደጃፍ ነው። መኪናው የሱክላል ነው። ወፍሬያለሁ ያልኩት ብቻ እውነት ነው፣ እሱም እየቀረ ነው።

ቡቡቲው ሲመጣ ሱክላል ፊት ቆምኩ። ዘመዶቼ ውሃ የላቸውም አልኩት። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፣ ወንበር ሰጠኝ። «ስማ ልጄ፣ ነዳጃችሁ አለ፣ ተከፍሎበታል፣ እየጠበቀ ነው። በምን ልላከው? በእጄ አፍሼ? በርሜል የለኝም። የሁሉም ደሴት በርሜል ሄዶ እየቀረ እኮ ነው ይህን ሕግ ያወጣነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔው ራሴ አይደለሁ የማጥበው፣ ከመቶ ሄዶ አርባ ሲመለስ አያለሁ።

አሁን ያደረግኩትን ስሚ። በግቢው ሰማያዊ ተራ ላይ ኑዪ የሚል የተጻፈባቸው ሠላሳ ባዶ በርሜሎች ቆመዋል። ኑዪ የቱቫሉ ደሴት ናት። እነሱ ሁሉንም መልሰዋል፣ ግን ባለፈው ዓመት መብራታቸውን በፀሐይ ስላደረጉት ብዙ ናፍጣ አይሹም። ሠላሳ በርሜል ሥራ ፈቶ ቆሟል። ቀይ ቀለሙ ደግሞ እጄ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲበላ፣ ሦስቱን ቀይ ቀባኋቸው። አራተኛውን ስጀምር ከኋላዬ አንድ ሰው በኛ ቋንቋ «ልጅ፣ የኔ አገር ስም ከቀለምህ ሥር እየሰጠመ ነው» አለኝ።

ኢዮናታና ይባላል፣ የቱቫሉ መርከብ ላይ የመርከበኞቹ አለቃ ነው፣ የኑዪ ሰው። የኑዪ ሰዎች እንደኛው ነው የሚናገሩት፣ አያቶቻቸው ከኛ ደሴቶች ነው የሄዱት ይባላል፣ አባቴም ያወራ ነበር። ብሩሹን ከእጄ ነጠቀኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ምን አለኝ መሰለሽ። «የታማና ሰው አፍ አለው ሲባል ነው የምሰማው። አንተ አፍህን ለወሬ፣ እጅህን ለስርቆት አደረግከው። ዘመድህን ከመስረቅ ዘመድህን መጠየቅ አይቀልም ነበር?»

አክስቴ፣ አልቀለለኝም። እውነቱ ይህ ነው። መስረቁ ቀለለኝ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ኢዮናታና ለኑዪ ሽማግሌዎች ቡቡቲ ይቅረብ ይላል፣ በመርከቡ ሬዲዮ። ግን ማን ያቅርብ? እኔ ሚስት የለኝ፣ ማኔባ ውስጥ ተናግሬ አላውቅ። የአባቴ መቀመጫ ከሞተ ጀምሮ ባዶ ነው፣ ልቀመጥበት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፣ ሸሽቼ መጣሁ። መቀመጫ የሌለው ሰው በደሴት ስም ቢጠይቅ የሚሰማው የለም። ቴን ኡሪያም ወይም ሌላ ሽማግሌ ቃል ይስጠኝ፣ ወይም ራሳቸው ይጻፉ። ምን ብለሽ እንደምታስረጃቸው አላውቅም፣ እኔ አለቃ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት። አንድ ዘዴ ፈልጊ። መርከቡ ሞተሩ እየተሠራ ስለሆነ እስከ ዲሴምበር ስምንት እዚህ ይቆማል።

ሦስቱን በርሜል መልሼ ሰማያዊ ቀብቻቸዋለሁ።

ኮራቢ


ታማና፣ ኖቬምበር 24

ለኮራቢ፣

ሰላም ለልብህ ይሁን።

ማኔባው ውስጥ አነበብኩት።

አትቆጣ። አንብቤው ብቻዬን ባቃጥለው ደሴቱ በጥም ያልቅ ነበር፣ አንተም እዚያ ሆነህ በእፍረት ታልቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ የመኪናውንም፣ የምሳውንም። ወጣቶቹ መሳቅ ሲጀምሩ ቴን ኡሪያም ምንጣፉን በመዳፉ መታ፣ ዝም አሉ። «መስረቁ ቀለለኝ» ያልከው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለፓስተሩ ሚስት ሰጠሁ፣ ያንን መስመር እሷ አነበበችው።

የመጨረሻው ናፍጣ በዚያው ሳምንት አልቆ ነበር፣ ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ የሚሰማው ባሕሩ ብቻ ነበር። ቴን ኡሪያም ተነሣ፣ ጉልበቱን ታውቀዋለህ፣ ሁለት ሰው ደግፎት ነው። ወደ ምሥራቅ ሄዶ ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ አባትህ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ አዲስ ምንጣፍ አነጠፈ። እንዲህ አለ፦ «ጉረኛ ነው ብዬ ነበር፣ ጉረኛ ነው። ነገር ግን ጉረኛ ሲዋሽ እንጂ ራሱን ሲያዋርድ አላየሁም። በሉ ጻፉለት። ከአባቱ መቀመጫ ሆኖ በታማና ስም ይጠይቅ። የምንጠይቀው ሰው ያለውን ነው፤ እሱ ያለው አፍ ነው፣ እንግዲህ አፉን ይጠቀምበት።»

እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርህ። በመጀመሪያው ደብዳቤህ ጀርባ ላይ የአውራ ጣትህ አሻራ ነበር፣ በቀይ ቀለም። አለቃ ጣቱ ቀለም አይነካም። ያኔውኑ ገብቶኛል። በቡቡቲው ቀን ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

ውሃው ከየበርሜሉ ከአንድ ክንድ በታች ወርዷል። ሁለት ቅል ነው አሁን። የጎረቤቴ ምራት መጣላቱን ትታ እየመጣች አብራኝ ትቀዳለች።

ፍጠን።
ሮይቲ


ሱቫ፣ ዲሴምበር 8

ለተከበርሽው አክስቴ ለኔይ ሮይቲ፣ ለቴን ኡሪያም፣ በየመቀመጫቸው ላሉት ሁሉ፣

ጤናና ሰላም ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የያዘው መርከብ የናንተኑ ጉዳይ ይዟል፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ስታነቡ ወደ ባሕሩ እያያችሁ ይሁን።

ደብዳቤሽ ዲሴምበር ሦስት ነው የደረሰኝ፣ ይዤው ወደ መርከቡ ሮጥኩ። ኢዮናታና መርከቡ ላይ ምንጣፍ አነጠፈልኝ፣ የኑዪ ልጆች የሆኑት አራት መርከበኞች ዙሪያዬን ተቀመጡ፣ ሬዲዮውን አፌ ላይ አደረገልኝ። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ ከዚያ የናንተን፣ ከዚያ ጠየቅኩ። ሃያ ባዶ በርሜል። አልጎረርኩም። ሬዲዮው ሲንሿሿ ቆየ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፣ እንደኛ ነው የሚናገረው፣ ትንሽ ዘፈን ዘፈን ይላል። «ባዶ ብቻ ነው የምትጠይቁት?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ባዶ የሚለምን ዘመድ በዕድሜዬ ዛሬ ሰማሁ። ውሰዱ። መርከቡም ኑዪ ካራገፈ በኋላ እናንተ ድረስ ያድርሰው። አንድ ነገር ብቻ፣ ስማችንን አታጥፉት።»

ስማችንን አታጥፉት ያለው ገብቶኛል። ስለዚህ በርሜሎቹን ቀይ አልቀባኋቸውም። ከወገባቸው በላይ ቀይ፣ ታማና የሚል ጽሕፈት፤ ከወገባቸው በታች እንዳለ ሰማያዊ፣ ኑዪ የሚል። ሱክላል ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ይህን በየትኛው ተራ ነው የማቆመው?»

«መሃል ላይ።»

«መሃል የሚባል ተራ የለም።»

«አሁን አለ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቱቦውን ራሱ ጎተተ፣ ራሱ ሞላው። ይህን ስጽፍልሽ አልጎርርም፣ እሱ ነው የሞላው።

ሌላው ችግር ድንበሩ ነበር። ካፒቴኑ የቱቫሉ መርከብ ናፍጣ ጭኖ ኪሪባቲ ለመግባት የሁለቱም አገር ፊርማ ያስፈልገዋል አለ። ሁለቱም ባለሥልጣኖች እዚሁ ነበሩ፣ ያ ጉባኤ ሁለተኛ ዙሩ ላይ ነው። ቀለም በቀለም ሆኜ አዳራሹ ገባሁ። የኛው ሰውዬ ደህና ሰው ነው፣ መጀመሪያ እነሱ ይፈርሙ አለ። የቱቫሏ ሴትዮም ደህና ሰው ናት፣ መጀመሪያ እነሱ ይፈርሙ አለች። በሁለቱ ጠረጴዛ መሃል ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። እነሱ የሚወያዩት ደግሞ አንቀጽ አራትን ነው፣ በችግር ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት እንዴት ነዳጅ እንደሚያበድር። ቃሉን እያረሙ ነበር።

በስምንተኛው ትዕግሥቴ አለቀ። መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና በጣም በትሕትና እንዲህ አልኩ፦ «ጌቶቼ፣ በብርሃን ብትፈርሙ ይሻላል። ዛሬ በርሜሌን ይዤ ወደ ቤቴ ከሄድኩ በጨለማ ነው የምትፈርሙት።» ሴትዮዋ ሳቀች። ሰውየውም እሷን አይቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በአንድ እስክሪብቶ ፈረሙ። ጊዜው ከአንድ ሲጃራ አይበልጥም።

ይህኛው ጉራ አይደለም፣ ኢዮናታናን ጠይቁት፣ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሃያ ጠይቃችሁኛል። ሃያ አንድ ነው የሚመጣው። ስለ ሃያ አንደኛው አትጠይቁኝ።

በረከት ይከተላችሁ።
ኮራቢ የባውሮ ልጅ


ታማና፣ ዲሴምበር 27

ለልጃችን ለኮራቢ፣

ጤና፣ ሰላምና በረከት፣ ሦስቱም ሳይቀሩ፣ ካለህበት ይድረሱህ።

መርከቡ ገና በዋለ ማግስት ደረሰ። መርከብ የሚያስገባ ክፍት የሌለውን የዳርቻችንን አለት ታውቀዋለህ፣ እንደወትሮው በርሜሎቹን ባሕር ላይ ጣሏቸው፣ ወንዶቹ እየዋኙ በማዕበሉ መሃል አሻገሯቸው። ናፍጣ ከጨው ውሃ ይቀላልና ሁሉም ተንሳፈፉ፣ ቀይና ሰማያዊ ትከሻቸውን እያሳዩ። ልጆቹ ታማና ወደ ላይ ነው ወይስ ኑዪ እያሉ ሲወራረዱ ነበር፤ ማዕበሉ በገለበጠው ቁጥር ስሙ ይቀያየር ነበር። ኢዮናታናም ከነልብሱ ገብቶ ዋኘ፣ የምናውቀው ሰው ነው የሚመስለው።

አንዱ በርሜል ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። እስከ ግንባሩ ሰጥሞ፣ አናቱ ብቻ እየታየ፣ ከሁሉ በኋላ ቀረ። ቀዳዳ ነው፣ ጨው ገብቶበታል፣ ተዉት ተባለ። ቴን ኡሪያም አይቀርም አለ፣ አራት ሰው ተመልሶ ጎተተው። ስናዞረው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፣ ኮራቢ የሚል ስም አለበት፣ አንድ ክንድ በሚሆን ፊደል። ሳቁ መቼም አይነገርም። ክዳኑን ሲከፍቱት ሽታ የለውም። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ።

ያለህን ሰጠኸን። የምታጥብበትን የቱቦ ውሃ።

መጀመሪያ የቀዳሁት ለጎረቤቴ ምራት ልጆች ነው። ቀጥሎ ለቴን ኡሪያም። ጠጥቶ አፉን ጠረገ፣ «ትንሽ ቀለም ቀለም ይላል» አለ፣ ሌላ ቅል ጠየቀ።

ማሽኑ ተነሥቷል፣ የስልኩም ምሰሶ ተናግሯል። ልደውልልህ እችል ነበር፣ ግን የያዝኩትን በጽሑፍ ልጨርስ ብዬ ነው። ባዶዎቹን ሰብስበናል፤ ሃያ ሁለት በርሜል በዚሁ መርከብ ተመልሶልሃል፣ የፓስተሩ ምድጃ ሳይቀር። ደወሉን አንሰጥም፣ ለሱክላል ንገረው። የአባትህንም መቃብር ማንም አይነካውም።

ያንተን ቀይ በርሜል ባዶ ሲሆን ልንልከው ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ከለከሉ። ማኔባው ውስጥ አስገብተውታል። አሁን ከምሥራቅ በኩል ሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ ባዲሱ ምንጣፍ ላይ፣ መቀመጫህን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌ ይመስላል፣ ሰው ሰላምታ ይሰጠዋል።

ና አስነሣው።

ሮይቲ